ሎተሪ ይበቃናል፤ ፈተና ስጡን!

በሥራና በሥልጠና ማስታወቂያዎች ላይ ከሁሉ የምታናድደኝ አንዲት ሐረግ አለች፦ «በአካል በመቅረብ»። አዲስ አበባ ላለ ሰው ትርጉሟ ታክሲ ይዞ ደርሶ መመለስ ነው። ወላይታ ሶዶ ላለ ሰው ግን በሆሳዕናና ቡታጅራ ወይም በሻሸመኔ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ፣ አልጋ መያዝ ወይም ዘመድ ማስቸገር፣ ተመዝግቦ መመለስ ማለት ነው። ከዚያ «ለፈተና የተመረጣችሁ» የሚል ማስታወቂያ ይጠበቃል። ስሙ ከወጣ ያንኑ መንገድ ይደግመዋል። ቃለ መጠይቅ ካለ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ!

ፈተናው ሳይጀመር ስንቱ ወድቋል? የወደቀው በሒሳብ ቢሆን ባልከፋ። የወደቀው በትራንስፖርት ነው።

ዛሬ የማነሳው የባቡር ቴክኒሻንና ኢንጂነሪንግ ሥልጠና ለመግባት የሚደረገውን ዝግጅት ነው። «ሀዲድ የሌለበት ከተማ ልጅ ስለ ባቡር ምን አገባው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ አውሮፕላን የሚጠግን ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አልተወለደም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። የድሮው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ ወርክሾፑን ስለያዘች የባቡር ባለሙያ አፈራች። ሙያው ሰፈር ውስጥ ስለነበር ልጁ ከአባቱና ከጎረቤቱ እያየ አደገ። የኛ ዘመን ባቡር ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሞጆ ተነስቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ አድርጎ ወደ ሞያሌ ይወርዳል የተባለው የደቡቡ መስመር ግን ዛሬም ወረቀት ላይ ነው። ሶዶ ሀዲድም የላት፣ የባቡር ወርክሾፕም የላት። «አባቴ ባቡር ላይ ነው የሠራው» የሚል ልጅም እንደ ድሬዳዋ በየቤቱ አታገኙም። ስለዚህ ለሶዶ ልጅ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፈተና ነው። ሌላ በር የሌለው ሰው ደግሞ ያቺ አንዷ በር እንድትጠብበት አይፈልግም።

ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የጅቡቲው መስመር ሥራ ከቻይና ኩባንያዎች እጅ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። ሀዲድ የሚፈትሽ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚጠግን፣ ሲግናል የሚከታተል፣ ሎኮሞቲቭ የሚነዳ ሰው ከዚሁ አገር መገኘት አለበት። ማን እንደሚሆን የሚወስነው መመልመያው ነው።

ታዲያ የኛ ልጅ ለዚህ እንዴት ይዘጋጃል? ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። ወይም በቴሌግራም «ያለፈው ዓመት የመጣ» የሚል ወረቀት ይለቅማል። ወረቀቱን ስትገልጡት የእንግሊዝኛ ተመሳሳይና ተቃራኒ ቃላት፣ «ቀጣዩ ቁጥር ስንት ነው?» የሚሉ የቁጥር ተርታዎች፣ የአገራት ዋና ከተሞች... ይደረደራሉ። በየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ዓመት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ለባንክም ለባቡርም ለመብራት ኃይልም የሚሸጠው ያው ወረቀት ነው። ልጁ ሁለት ሦስት ወር ይቸክለዋል። ምን እንደሚጠየቅ የነገረው ስለሌለ የተገኘውን ሁሉ መሸምደድ ግዴታው ነው።

የወላይታ ልጅ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሎተሪ ሲያዞርና ጫማ ሲጠርግ ማየት ለምደናል። ሥራ ክቡር ነውና በዚያ አላፍርም። የማፍረው 12 ዓመት ተምሮ የጨረሰውን ልጅ እንደገና ሎተሪ ስናስቆርጠው ነው። ይዘቱ ያልታወቀ ፈተና ከሎተሪ በምን ይለያል? እንዲያውም ሎተሪ ይሻላል፤ እጣው በሚወጣበት ቀን አዲስ አበባ ተገኝ አይልም። ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም የሚቆጥብ ቤተሰብ ገንዘቡን ለልጁ ጉዞ ሲያወጣ ቢያንስ ልጁ በምን እንደሚመዘን የማወቅ መብት አለው።

የሚያስቆጨው ደግሞ ለባቡር ሙያ የሚያስፈልገው መሠረታዊ ዕውቀት የተደበቀ ሀብት አለመሆኑ ነው። ልጁ በተማረው የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ አለ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ0.5 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ቢቆም ስንት ሜትር ይጓዛል? 400 ሜትር። ይህን የሚሠራ ልጅ አሽከርካሪው ሲግናሉን ከሩቅ ማየት ለምን እንዳለበት ገባው ማለት ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የብረት ሀዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር ምን ያህል ይለጠጣል? የሚይዘው ነገር ከሌለ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ታስሮ መለጠጥ ሲያቅተው ደግሞ ሊጎብጥ፣ ባቡሩን ሊያስት ይችላል። ይህን የተረዳ ልጅ በአዋሽ ሐሩር ሀዲድ ለምን እንደሚፈተሽ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የአንድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል ተቃራኒ ጠፍቶት ቢወድቅ ግን ማን ተጎዳ? እሱ ብቻ አይደለም፤ ሀዲዱም ተጎዳ።

ጅቡቲን ተመልከቱ። በ2011 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ የተከፈተላት የሉባን ወርክሾፕ የባቡር ሙያን በተግባር መሣሪያ የሚያስተምር ነው። ሰልጣኙ የሚነካው ነገር አለ። እኛ ደግሞ ብሎን አጥብቆ የማያውቀውንና ከልጅነቱ ጀምሮ ሞተር ሲፈታ ያደገውን በአንድ የመልስ ወረቀት ላይ በክብ ማጥቆር እናወዳድራለን።

«ልጆቹ ራሳቸው ደካሞች ናቸው፤ ውጤታቸውን አላያችሁም?» የሚል ክርክር ይመጣል። አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን የአገር ቁጥር እንጂ የሶዶ ቁጥር አይደለም። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቢያንስ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚጠየቅ ያውቃል። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና እንኳ ብሉ ፕሪንት አለው። ተማሪው ደካማ ነው ካላችሁ ይዘቱን መግለጽ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል እንጂ አይቀርም።

«ፈተናው በየከተማው ከተሰጠ ይሰረቃል፣ ወጪውም አይቻልም» የሚል ሁለተኛ ክርክርም አለ። ይህ በ2013 ቢባል ይገባኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መንግሥት ራሱ መልሶታል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በየዩኒቨርሲቲው አስገብቶ ፈትኗል። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናን በመላ አገሪቱ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒውተር ሰጥቷል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የዛሬ ሁለት ዓመት የተከፈተ አይደለም፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ኮምፒውተሩ ሶዶ አለ፣ አዳራሹ ሶዶ አለ፣ ተፈታኙም ሶዶ አለ። የጎደለው ፈታኙ ብቻ ነው! አንድ ፈታኝ ወደ ሶዶ መምጣቱ ይቀላል ወይስ መቶ ልጅ ወደ አዲስ አበባ መሄዱ?

የምንጠይቀው ኮታ አይደለም። «የወላይታ ልጅ ስለሆነ ነጥብ ጨምሩለት» አላልንም፤ ማንም እንዲልልንም አንፈልግም። ጥያቄያችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከፈተናው ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ይዘቱ ከየትኛው ትምህርት፣ ከስንት በመቶ እንደሚወጣ ይፋ ይሁን። ሁለተኛ፣ ምዝገባው በኢንተርኔት፣ ፈተናው በሶዶ ይሁን። ሦስተኛ፣ ለቴክኒሻን ሥልጠና በከተማችን የቴክኒክና ሙያ ወርክሾፖች የግማሽ ቀን የተግባር ፈተና ይጨመር፤ የልጁ እጅ ይታይ።

ለጓደኞቼም አንድ ቃል አለኝ። «ሾልኮ የወጣ» እየተባለ የሚሸጠውን ወረቀት አትግዙ። ውሸት ከሆነ ተዘርፋችኋል፤ እውነት ከሆነ ዘርፋችኋል። የወረቀቱን ዋጋ አዋጡና አንድ የማመልከቻ ደብዳቤ ጻፉ፤ በዩኒቨርሲቲው፣ በዞኑ፣ ፈተናውን በሚያወጣው መሥሪያ ቤት በር ሁሉ አስገቡት። የፊዚክስ መጽሐፋችሁንም አቧራውን አራግፉለት።

እስከዚያ ድረስ ግን ሶዶ ውስጥ ያለውን ልጅ «ወድቀሃል» የሚለው ሰው አይኑር። መቼ ተፈተነና!