ለተነፋ ዓሣ ከመድኃኒት በፊት ጾም

የእርሻ ምርምር በራሪ ጽሑፍ ስለ ማሽላ፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ፍየል ሲናገር አንባቢያችን ለምዶታል። ዛሬ ግን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለጌጥና ለደስታ ስለሚረባው ትንሽ ዓሣ አስተያየታችንን ለመስጠት ተነሥተናል። ምክንያቱም በድሬዳዋ ከተማ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «ዓሣችን ሆዱ ተነፍቶ በጀርባው ይንሳፈፋል፤ ምን መድኃኒት እንስጠው?» የሚል ነው። ጥያቄው ለብዙ ሰው ተራ ነገር ይመስላል። ዓሣውን በስም ለሚጠራው ሕፃን ግን ተራ አይደለም። መልሱም ከዓሣው አልፎ የሰውን ጤና የሚነካ ጉዳይ አለበት።

አስተያየታችን በአጭሩ ይህ ነው። የተነፋ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጾም፣ ንጹሕ ውሃና ትዕግሥት ነው። መድኃኒት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ባለሙያ ሲያዝ ብቻ።

ምክንያቱን ለመረዳት የዓሣን የውስጥ አካል ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኞቹ ዓሦች ከጀርባ አጥንታቸው በታች በጋዝ የተሞላ ከረጢት አላቸው። ዓሣው ሳይደክም በፈለገው ጥልቀት ለመቆም የሚችለው በዚህ ከረጢት ነው። በየቤቱ በብዛት የሚታወቀው ጎልድፊሽ ከረጢቱ ከጉሮሮው ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። በሐይቆቻችን የሚገኘው ቆሮሶ ግን ይህ ቱቦ የለውም፤ ጋዙ ከደም ይመጣል፣ ወደ ደምም ይመለሳል። በተጨማሪ ጎልድፊሽ ከካርፕ ወገን ስለሆነ እውነተኛ ጨጓራ የለውም፤ የበላው ሁሉ በቀጥታ ወደ አንጀት ይገባል። እንግዲህ አንጀቱ በምግብ ሲጨናነቅ ወይም ምግቡ ውስጡ ሲብላላ የአየር ከረጢቱን ይጫነዋል፤ ዓሣውም ሚዛኑን ያጣል። ቻይናውያን ከ1,000 ዓመት በፊት ማርባት ከጀመሩት ከዚህ ዓሣ የወጡትና አካላቸው አጭርና ድቡልቡል የሆነው ዝርያዎች፣ ሆድ ዕቃቸው በጠባብ ቦታ ስለታጨቀ ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ይህን የምንለው ለድሬዳዋ አንባቢ እንግዳ እንዳይሆንበት በማሰብ የፍየልን ነገር እናንሣ። እህል በገፍ አግኝታ የበላች ፍየል ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ሲነፋ እረኛው በመጀመሪያ የሚያደርገው ከምግቡ ማራቅ ነው። ተጨማሪ እህል አይሰጣትም። በዓሣው ላይ ግን ብዙዎቻችን ተቃራኒውን እናደርጋለን። ዓሣው ሲደክም «ርቦት ይሆናል» እንልና ዳቦና እንጀራ ፈርፍረን እንጨምርለታለን። ዳቦው በውሃ ያብጣል፤ በአንጀት ውስጥም ይብላላል፤ ያልተበላውም በገንዳው ውስጥ ይበሰብሳል።

የከተማችን አየር ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ጎልድፊሽ የሚስማማው ውሃ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ሮቶ ውስጥ የዋለ ውሃማ እጅ የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ደረጃ 20 ዲግሪ ያለው ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ ያለው 7.5 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይይዛል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በእኛ ዘንድ መጠኑ ከዚህም ያንሳል። በሌላ በኩል ሙቀት የዓሣውን የኦክሲጅን ፍላጎት ይጨምራል፤ በአንጀት ውስጥ ያለው ምግብም ቶሎ ይብላላል። ትንፋሽ ያጠረው ዓሣ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አየር ይጎርሳል፤ አየሩም ለመነፋቱ ሌላ ምክንያት ይሆናል።

አሁን ዋናውን ቅሬታችንን እንናገር። በከዚራ አንድ ቤት ያየነውን ምሳሌ እናድርግ። አባት ለልጃቸው አዝነው የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍተው ዱቄቱን ገንዳው ውስጥ በተኑት። ውሃው ቢጫ ሆነ። የታመመው ዓሣ አልዳነም፤ በሦስተኛው ቀን ደኅና የነበሩት ሁለቱ ሞቱ። ሰውየው ያደረጉት በደግነት ነው፤ እኛም አንወቅሳቸውም። ግን ለምን እንዲህ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

አንደኛው ምክንያት የውሃችን ጠባይ ነው። የድሬዳዋ ውሃ ከሳቢያንና ከሌሎች ጉድጓዶች የሚወጣ ሲሆን ካልሲየምና ማግኒዥየም በብዛት አለበት። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ቴትራሳይክሊን ደግሞ ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በእኛ ውሃ ውስጥ የተበተነ ቴትራሳይክሊን ወደ ዓሣው አካል የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ በገንዳው ጠጠርና ማጣሪያ ላይ ከዓሣው ኩስና ትንፋሽ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እነዚህንም ሊጎዳ ይችላል። እነርሱ ሲሞቱ አሞኒያው ይከማቻል፤ ደኅናው ዓሣ ይመረዛል። ሦስተኛውና ለሰው የሚተርፈው ምክንያት፣ መድኃኒትን ያለ መጠንና ያለ ምክንያት መበተን መድኃኒት የማይበግራቸው ተሕዋስያን እንዲበዙ መርዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን አደጋ በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለምን ጤና ከሚያሰጉ አሥር ነገሮች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። የገንዳውን ውሃ የምንደፋው በግቢያችን ነው፤ ልጆቻችንም የሚጫወቱት በዚያው ነው።

እኛ በሙያችን የሰብል ሰዎች ነን። ቢጫ ቅጠል ባየ ቁጥር ማዳበሪያ የሚጨምር ገበሬ ገጥሞናል፤ ችግሩ ግን ሥሩ ውሃ ተኝቶበት ነበር። የተነፋውን ዓሣም የምናየው እንደዚሁ ነው። ምልክቱን ከማከም በፊት አያያዙን መመርመር ይገባል። ስለሆነም የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

1ኛ/ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ምንም ምግብ አለመስጠት። ጤነኛ ትልቅ ጎልድፊሽ አንድ ሳምንት ሳይበላ ሊቆይ ስለሚችል ይህ ጭካኔ አይደለም።

2ኛ/ ከገንዳው ውሃ ሩቡን በአዲስ መለወጥ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ከሆነ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ለ24 ሰዓት በጥላ ሥር ማሳደር፤ ሙቀቱም ከገንዳው ውሃ ጋር እንዲቀራረብ መጠበቅ።

3ኛ/ ገንዳውን ከመስኮት ፀሐይ ማራቅ። ውሃው ከሞቀ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ የተከደነ ጠርሙስ ማንሳፈፍ እንጂ በረዶ አለመጨመር፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ራሱ ይጎዳል። መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ሲቆም ከገንዳው ውሃ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ኦክሲጅን ይጨምራል።

4ኛ/ ከጾሙ በኋላ አተር ቀቅሎ፣ ልጣጩን ገፍፎ፣ በጣት አድቅቆ በጥቂቱ መስጠት። ጨውና ቅመም አይነካውም። ይህ ለጎልድፊሽና ቅጠላ ቅጠል ለሚበሉ ዓሦች ነው፤ ሥጋ በል ለሆኑት አይስማማም።

5ኛ/ ዓሣው አሁንም ካልተሻለው በሌላ ዕቃ ለይቶ፣ ለ20 ሊትር ውሃ ከ1 የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ማግኒዥየም ሰልፌት አሟሙቶ መጨመር። ይህ አንጀትን የሚያላላ ጨው ነው፤ ከገበታ ጨው ጋር መምታታት የለበትም።

ሁሉም መነፋት ግን አንድ አይደለም። የዓሣው ቅርፊቶች ከአካሉ ተነሥተው እንደ ጥድ ፍሬ ከቆሙና ዐይኖቹ ከፈጠጡ፣ በውስጡ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከኩላሊት ጉዳትና ከባክቴሪያ ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚድነው ጥቂቱ ነው። ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት የሚገባው ይህን ዓይነቱን ነው። እንቁላል የያዘች ሴት ዓሣም ሆዷ ሰፊ ይሆናል፤ ቀጥ ብላ ከዋኘችና ከበላች ግን በሽተኛ አይደለችም። የአየር ከረጢቱ ለዘለቄታው የተጎዳ ዓሣም አለ። እንዲህ ያለው ጥልቀቱ ባነሰ ውሃ ውስጥ ምግብ በአፉ አጠገብ እየቀረበለት ለረጅም ጊዜ ሊኖር ይችላል።

አንዳንዱ «ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል ድካም ምን ይባላል? ሌላ መግዛት ይሻላል» ይላል። ሌላው ዓሣ የሚገባው ግን በዚያው ውሃ ነው፤ የሚበላውም ከዚያው እጅ ነው። ገንዳውና አመጋገቡ ሳይስተካከል ዓሣ መለወጥ ችግሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የሰለቸንን ዓሣ በሕይወቱ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መጣል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የባዕድ ዓሣ ወይም በሽታው በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ከተዛመተ የሚመልሰው የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መከላከሉ ከማከሙ ይቀላል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ዓሣው በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ መመገብ፣ ደረቁን ምግብ ጥቂት አርሶ መስጠት፣ በሳምንት አንድ ቀን ማስጾም፣ በየሳምንቱም የውሃውን ሩብ መለወጥ በቂ ነው። ይህን ሥራ ለልጆች መስጠት እንመክራለን። ምግቡን በመጠን የሚሰጥ፣ የታመመውን በትዕግሥት የሚጠብቅ፣ እንክብል ከመክፈቱ በፊት የሚጠይቅ ልጅ ነገ ፍየልም ሆነ ላም ሲያረባ ይህንኑ ልማድ ይዞ ያድጋል።