የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና የጣርማ በር ብርድ

በቤንዚንና በናፍጣ የሚነዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ቍጥር እየበዛ ሄዷል። ነገሩ የሚመሰገን ነው፤ ለምን ቢሉ ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ካገር ወንዝ ይገኛል። ይሁን እንጂ አዲሱ መኪና የወሎን መንገድ ሲይዝ፥ ነጂውም ላኪው ሹምም አስቀድመው ሊመረምሩት የሚገባ ጉዳይ አለ።

ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ፥ እስከ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ድረስ፥ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፋብሪካው ወረቀት 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለለት መኪና ይህን ጨርሶ የሚተርፈው ይመስላል። ነገር ግን የወረቀቱ ቍጥር የተገኘው በለዘበ አየር በተደረገ ሙከራ ሲሆን፥ መንገዱ ደብረ ብርሃንን አልፎ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጣርማ በር ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ ነው።

የብርዱ ነገር እንዲህ ነው። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው የሚበዛውን በሙቀት ስለሚያባክነው ተሳፋሪው በዚያው ያለ ዋጋ ይሞቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያባክነው ግን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ማሞቂያው መንኰራኵሩን ከሚያዞረው ባትሪ ይቀዳል። ባትሪውም ራሱ ሲበርደው ይሰንፋል። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳወቀው ሙከራ፥ ከዜሮ በታች በ7 ዲግሪ ብርድ ማሞቂያ ሲከፈት የመኪናው ጕዞ በአማካይ 41 ከመቶ፥ በ35 ዲግሪ ሙቀት ማቀዝቀዣ ሲከፈት ደግሞ 17 ከመቶ አጥሯል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ይህን ያህል የከፋ አይደለም፤ ነገር ግን ደጋውን በማሞቂያ፥ ቆላውን በማቀዝቀዣ የሚያልፍ መኪና ከሁለቱም ወገን ይቀነስበታል።

ከሁሉ የሚከብደው መመለሻው ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር 1,700 ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጣ፥ ለመንገዱ ርዝመት ከሚያስፈልገው በላይ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ሰባተኛ እጅ ያህል ነው። ቍልቍል ሲወርድ ሞተሩ ለባትሪው ከፊሉን ይመልሳል፤ ዳሩ ግን ዳገቱ ወገብ ላይ ኃይሉ ላለቀበት መኪና ይህ ምን ይረባዋል? እንግዲህ ከሚሴ በደኅና የደረሰ መኪና በዚያው ልክ ይመለሳል ማለት አይደለም። ወደ ሰሜንም ቢሆን ደሴ ከከሚሴ አንድ ሺሕ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ደሴ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና በወረቀት ቍጥር ተማምኖ ሊነሣ አይገባውም።

ነጂው ሌሊት በደጋ ሲያድር መኪናውን ከመሙያው ሳይነቅል ቢያሞቀው፥ በመንገድም ከአየር ማሞቂያው ይልቅ የመቀመጫውን ማሞቂያ ቢጠቀም ብዙ ኃይል ይተርፈዋል፤ ጋቢ የደረበ ተሳፋሪማ ከዚህም ባነሰ ይበቃዋል። የመሙያውን ቦታ መምረጥ ግን የሹማምንቱ ሥራ ነው። ቦታው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዳገቱና በብርዱ መጠን ሊለካ ይገባል፤ መሙያውም ከዳገቱ ራስ ይልቅ ከግርጌው፥ ማለት በከሚሴና በሸዋ ሮቢት፥ ይበልጥ ይጠቅማል። ለዚህም በታኅሣሥ ሌሊት አንድ መኪና ሙሉ ሰው ጭኖ ከከሚሴ ወደ አዲስ አበባ ቢነዳና በየከተማው የቀረው ኃይል እየተመዘገበ ለመሥሪያ ቤቱ ቢቀርብ ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው።