ጠገራውን አትፈትጉት

በየጁቤ ገጠር ብዙ ሙዳይ ከፍቼ አይቻለሁ፤ የአያት ጠገራ ብር ከድሪና ከመስቀል ጋር ተጠቅልሎ ይገኛል። በዓል ሲደርስ አውጥተው በአመድና በሎሚ ያሹታል፤ ነጭ ሆኖ ሲያበራ ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ያንገበግበኛል። አመድ ብሩን ይፍቃል፣ ሎሚም አሲድ ነው። በማርትሬዛ ጠገራ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ፀጉር፣ በምኒልክ ብር ላይ ደግሞ በግዕዝ ቁጥር የተቀረጸው 1887 እየደበዘዘ ይሄዳል። የጠፋ መስመር አይመለስም።

በብሩ ላይ የሚታየው ጥቁረት ዝገት አይደለም። ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚለብሰው ስስ ሽፋን ነው። የምድጃ ጭስ፣ የሱፍ ጨርቅና ላስቲክ ያባብሱታል። ስለዚህ ሳንቲሙን ከማድ ቤት ማራቅ ከማሸት ይበልጣል። ፌስታልም አይሆንም፤ በክረምት እርጥበት ያፍናል። እያንዳንዱን ለብቻው በንጹሕ፣ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ መጠቅለል፣ ሲነኩም በጠርዙ መያዝ ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ማቅለጥ ነው። ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ቀልጣ የምታስገኘው የብሩን ዋጋ ብቻ ነው። ማን ለማን ለጥሎሽ እንደ ሰጣት፣ በየትኛው ገበያ በሬ እንደ ተሸጠባት የሚናገረው ታሪክ ግን አብሮ ይቀልጣል።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፦ ታሪኩን በወረቀት ጽፋችሁ ከብሩ ጋር አኑሩልን። ልጆችም ዛሬውኑ ጠይቁ።