«ከአውዱ ገምት» እያልን አውዱን የነጠቅነው ተማሪ

አዳማ ውስጥ፣ ስሙን ልጠራው በማልፈልገው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የመከታተል ዕድል ገጥሞኝ ነበር። መምህሩ ምንባቡን አስነብበው ሲያበቁ፣ እንደተለመደው፣ «የተሰመረባቸውን ቃላት ፍቺ ከአውዱ ገምቱ» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ አውዱንም እኮ አላወቅነውም!» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። መምህሩም ፍቺዎቹን ሰሌዳው ላይ ጻፉላቸው፤ ተማሪዎቹ ገለበጡ፤ ደወል ተደወለ።

ልጁ ቀልዶ አልነበረም። ስለ ትምህርታችን ውድቀት ከተጻፉት ብዙ ሪፖርቶች ይልቅ እውነቱን የተናገረው እሱ ነው።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ይህችን ያንብቡ፦ «ክረምት ሳይገባ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ጦም ያደረውን ማሳ ሲገምስ ዋለ።» ከተሜ ከሆኑ «መገመስ» የሚለውን ቃል ሰምተውት ላያውቁ ይችላሉ። ነገር ግን በሬው፣ ጥማዱና ጦም ያደረው መሬት ተረዳድተው ይነግሩዎታል፤ ያልታረሰን መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ማረስ ነው። አሁን ደግሞ ይህችን ያንብቡ፦ «እንትን ሳይገባ እንትኑ እንትኖቹን ይዞ እንትን ያደረውን እንትን ሲገምስ ዋለ።» በሉ እንግዲህ፣ ከአውዱ ይገምቱ!

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን በየቀኑ የሚያነበው ይህንን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ነው።

ነገሩ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የኒውዚላንዱ የሥነ ቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽንና ባልደረባቸው ሁ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢዎች አንድን ታሪክ ያለ ረዳት በሚገባ ለመረዳት ከመቶው ቃል 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልጋቸው ደምድመዋል። ከመቶው 80 ቃል ብቻ የሚታወቅበትን ጽሑፍ ካነበቡት መካከል ግን በበቂ ሁኔታ የተረዳ አንድም አልተገኘም። ሦስት መቶ ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ስድስት እንግዳ ቃል ቢኖር ተማሪው ይገምታል። ስልሳ ቢኖር ግን የቀረው ጥንቆላ ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የኦሮሚያ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል፤ ይህም ተገቢ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ሒሳቡም በአንድ ጀንበር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ድልድዩን የሠራለት የለም። ይባስ ብሎ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የሚሉት ተአምር መጣ፤ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚሰራጨው ትምህርት ቆሞ አይጠብቅም፣ እጅ ያወጣውንም ልጅ አያይም ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ተጠያቂው ተማሪው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው የሚል የዋህ አይደለሁም። ነገር ግን «ሰነፎች፣ ኩረጃ የለመዱ» ብለን ከመዝለፋችን በፊት፣ የፈተናውን ጥያቄ ስንቶቹ አንብበው ተረዱት ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ልጆቹ የመገመት ችሎታ አንሷቸው አይደለም። አዳማ መናኸሪያ ውስጥ ማስቲካ የሚያዞረውን ልጅ ተመልከቱት። ኦሮምኛና አማርኛን ያለ መዝገበ ቃላት፣ ከሰው ፊትና ከገንዘቡ አያያዝ እየገመተ የተማረ ሊቅ ነው። በኦሮምኛ «በረቹ» መማር መሆኑን ያወቀ ልጅ «በረታ» ተማሪ፣ «በርሲሳ» አስተማሪ፣ «በሩምሰ» ትምህርት መሆኑን ከሥሩ ይመዝዘዋል። በአማርኛም ያው ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ለርን»፣ «ስቱደንት»፣ «ቲቸር»፣ «ኤጁኬሽን» የማይዛመዱ አራት ባዕዳን ናቸው። ይህን ልዩነት ቁጭ አድርጎ ያስረዳው ማን ነው?

አውድ ደግሞ ከገጹ ውጭም አለ። «ሳላይን» የሚለውን ቃል ለመተሐራ ልጅ ለማስተማር ስለ ሩቅ ባሕር ማውራት ለምን ያስፈልጋል? በሰቃ ሐይቅ ደጃፉ ነው። ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ መሬት የዋጠው፣ ጨዋማነቱ ለመስኖ የማይበጀው ውኃ ከማንም መዝገበ ቃላት በላይ ያስረዳዋል። የሞጆን የሽንኩርት ነጋዴ ልጅም ስለ ዋጋና እጥረት በእንግሊዝኛ ስናስተምረው ከአባቱ ሚዛን እንጀምር።

እኛ ግን ሌላ ሥራ ይዘናል። «ናዝሬት ነው»፣ «አይደለም አዳማ ነው» እየተባባልን፣ የሱቅ ሰሌዳ በየትኛው ፊደል ይቅደም እያልን ስንነታረክ ዓመታት አለፉ። ከሰሌዳው ሥር የሚያልፈው ተማሪ በሦስቱም ቋንቋ አንድ ገጽ አንብቦ መረዳቱን የጠየቀ ወገን ግን አላየሁም። አቅም ያለን ደግሞ ልጆቻችንን የግል ትምህርት ቤት አስገብተን ክርክሩን ከሩቅ እናደምቃለን።

እንግሊዝኛ ይቅር አላልኩም። በእንግሊዝኛ ማስተማር ከተፈለገ ግን ቢያንስ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ቃላቸው የተመጠነ፣ ተማሪው አብዛኛውን የሚያውቃቸው ቀላል መጻሕፍት በብዛት ይቅረቡለት። መምህሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስረዳቱ እንደ ነውር አይታይበት። ተማሪው መጀመሪያ ይገምት፤ ከዚያ መዝገበ ቃላት ገልጦ ግምቱን ያረጋግጥ፤ ግምት ያሳስታልና።

ይህን ሳናደርግ «ከአውዱ ገምት» የምንል ከሆነ ግን ማስተማራችን ቀርቶ ማላገጥ ይሆናል። ያ ልጅ እጁን አውጥቶ ነግሮናል። የሚሰማ ካለ ይስማ።