ያልተለካ አቧራ፣ ያልተጠየቀ ካሳ

እንደሚታወቀው የካፋ ስም ከቡና ተነጥሎ አይነሣም፡፡ ከቦንጋ እስከ ዋጫ ባለው አካባቢ ስለ ቡናው ጣዕም፣ ስለ ዋጋውና ስለ ጫካው ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል፡፡ ጀንፈል ቡና ሲቀሸርና ሲበጠር ስለሚነሣው አቧራ፣ ያንን አቧራ ቀኑን ሙሉ ስለሚተነፍሰው ሠራተኛ ግን የምንነጋገረው ጥቂት ነው፡፡ ይህ ሠራተኛ ሳንባው ቢታመም ሕግ የሰጠውን ካሳ ማግኘት ይችላልን? የእኛ መልስ «ሕጉ አለ፤ የጎደለው ልኬት ነው» የሚል ነው፡፡

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፡፡ ጉዳት ሲባልም የእጅ መቆረጥ ወይም የእግር መሰበር ብቻ አይደለም፤ በሥራው ዓይነት ወይም በሥራው አካባቢ ሳቢያ የሚመጣ በሽታም ይጨመራል፡፡ አንድ በሽታ በአንድ ሙያ በተሰማሩ ሰዎች ላይ ብቻ አዘውትሮ የሚታይ ከሆነ፣ ሕመሙም በሐኪም ከተረጋገጠ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ከሥራው እንደመጣ ይገመታል፡፡ በሽታው ግልጽ የሆነበት ቀን ደግሞ ጉዳቱ እንደደረሰበት ቀን ይቆጠራል፡፡ ይሁን እንጂ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ክስ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፡፡

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡ ማሽን የቆረጠው ጣት ለራሱ ይመሰክራል፤ አቧራ ያደከመው ሳንባ ግን ምስክር ይሻል፡፡ ሠራተኛው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሥራው ሳይጠየቅ ሕመሙ «ብርድ» ወይም «አስም» ተብሎ በካርዱ ላይ ከሰፈረ፣ የይርጋው ጊዜ ሲነጉድ ባለመብቱ መብት እንዳለው እንኳ አያውቅም፡፡

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፡፡ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኦሬንጅ በተባለች ከተማ የሰዓት ገጽ ቁጥሮችን በራዲየም ቀለም ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ነበር፡፡ ራዲየም በኬሚካዊ ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ወደ አጥንት ይገባል፤ ግማሽ ዕድሜውም 1,600 ዓመት ያህል ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1922 ከመካከላቸው አንዷ ስትሞት የሞት ምስክር ወረቀቷ ቂጥኝ ገደላት ይል ነበር፡፡ በ1927 አስከሬኗ ወጥቶ ሲመረመር አጥንቷ ጨረር ይረጭ ነበር፡፡ በዚያው ዓመት አምስት ባልደረቦቿ ሲከሱ ኩባንያው የሁለት ዓመቱ ይርጋ አልፏል ሲል ተከራከረ፡፡ ይሁንና ሐኪሙ ሃሪሰን ማርትላንድ ከ1925 ጀምሮ በሠራተኞቹ አካልና ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ጨረር በመሣሪያ ለክቶ ነበርና ሐቁን መሸፈን አልተቻለም፤ በ1928 ጉዳዩ በካሳ ተቋጨ፡፡ በዐይን የማይታየውን ጉዳት ለዳኛ የሚታይ ያደረገው መለኪያ መሣሪያ ነው፡፡

የቡና አቧራ ጨረር አይረጭም፤ የተደበቀ መሆኑ ግን ያመሳስላቸዋል፡፡ ዲያሜትሩ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ቅንጣት ጸጥ ባለ አየር ውስጥ ከአፍንጫ ከፍታ እስከ ወለል ለመውረድ ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፡፡ የ1 ማይክሮሜትሩ ግን ከአሥር ሰዓት በላይ ይንሳፈፋል፤ ወደ ሳንባ ጥልቀት የሚዘልቀውም ይኸው የማይታየው ነው፡፡ ስለዚህ «ወለሉ ተጠርጓል» ማለት አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፡፡ በደቂቃ 20 ሊትር አየር የሚተነፍስ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ወደ 10 ሜትር ኩብ አየር ያስገባል፡፡ በአንድ ሜትር ኩብ 10 ሚሊግራም አቧራ አለ ብንል፣ በቀን 100 ሚሊግራም፣ በ300 የሥራ ቀን 30 ግራም ይተነፍሳል፡፡ ሁሉም በሳንባ ባይቀር እንኳ ቁጥሩ የሚናቅ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢትዮጵያ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካዎች ላይ የታተመ ጥናትም በአቧራ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከሌሎች ሠራተኞች ይልቅ የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክት እንደሚበዛባቸው፣ የሳንባቸው አቅምም እንደሚቀንስ አሳይቷል፡፡

«ሳሉ ከቤት የማገዶ ጢስ የመጣ ነው» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል፡፡ ክርክሩ ተገቢ ነው፤ የሚፈታውም በሳይንስ ነው፡፡ በተመሳሳይ ቤት የሚኖሩ፣ ተመሳሳይ ማገዶ የሚያነዱ፣ ቡና መቀሸሪያ ግን የማይሠሩ ሰዎች ሳንባ ይለካና ይነጻጸር፡፡ ልዩነት ከሌለ አሠሪው ነጻ ይወጣል፤ ካለም ሠራተኛው ይካሳል፡፡ ልኬት ለማንም አያዳላም፡፡ ካሳ መጠየቅ ድርጅቶችን ያከስራል ለሚሉም፣ አቧራ መሳቢያ ማራገቢያ መትከልና ተስማሚ ጭምብል ማደል ከካሳ በፊት የሚመጣ ርካሽ መንገድ መሆኑን እናስታውሳለን፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ሠራተኛ ሲቀጠር የሳንባው አቅም ይለካ፤ በየዓመቱም ይደገም፤ መነሻ ከሌለ መቀነሱን ማወቅ አይቻልምና፡፡ ሁለተኛ፣ ሐኪሞች «ሥራህ ምንድን ነው? ስንት ዓመት ሠራህ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ይጻፉ፡፡ ሦስተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ፋኩልቲዎች አቧራውን ይለኩ፡፡ በወገብ የሚታሰር አነስተኛ የአየር መሳቢያ፣ ማጣሪያ ወረቀትና ጥሩ ሚዛን ካለ፣ ይህ ለአንድ ተመራቂ ተማሪ የሚበዛ ሥራ አይደለም፡፡

ውድ ተማሪዎች፣ በቤተ ሙከራ የምትማሩት የስሕተት ስሌት ለፈተና ብቻ የሚጠና አይምሰላችሁ፡፡ በጥንቃቄ የተመዘነ አንድ ማጣሪያ ወረቀት፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት ከተቀመጠ፣ ከዓመታት በኋላ ችሎት ፊት ለሚቆም ሰው ምስክር ሊሆን ይችላል፡፡ ሕግ አውጪው የድርሻውን ጽፏል፤ ቀሪው የእኛ የለኪዎቹ ዕዳ ነው እንላለን፡፡