የነርሶች ትምህርትና የሕሙማን ሕይወት፤ የአንዲት ተመራማሪ ሥራ በጥቅስ ብዛት ሲመዘን

አንድ ምሁር ለሙያው ያበረከተው አስተዋጽኦ ባሳተማቸው ጽሑፎች ቁጥርና ሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎቹን በጠቀሱበት መጠን መለካቱ በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የተለመደ አሠራር ሆኗል። የደረጃ ዕድገትና የምርምር በጀት ድልድል ጭምር በዚሁ ስሌት ላይ ሲመሠረቱ ይታያል። ስሌቱ የሚያሳየውንና የሚሰውረውን ለመለየት፣ በነርሶች ትምህርትና በሆስፒታሎች የሰው ኃይል ላይ ለአሥርተ ዓመታት ጥናት ያካሄዱትን የአሜሪካዋን የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የፕሮፌሰር ሊንዳ አይከንን ሥራ መመልከት ይጠቅማል።

በነርስነትና በሶሲዮሎጂ የሠለጠኑት ፕሮፌሰር አይከን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ያወጡት ጥናት በሙያው እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ነው። ጥናቱ በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 232 ሺህ 342 ሕሙማን መዝገብና የ10 ሺህ 184 ነርሶችን ምላሽ አገናዝቧል። አንድ ነርስ በሚንከባከባቸው ሕሙማን ላይ አንድ ተጨማሪ ሕመምተኛ ሲታከል፣ ሕሙማኑ በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 7 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን አመልክቷል።

በዓመቱ በ2003 በዚሁ ጆርናል የታተመው ሁለተኛው ጥናት ጥያቄውን ወደ ትምህርት አዞረው። በእነዚያው ሆስፒታሎች የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያላቸው ነርሶች ድርሻ ከዜሮ እስከ 77 በመቶ ይለያይ ነበር። ድርሻው በየ10 በመቶ ሲያድግ የሕሙማን የሞት ዕድል በ5 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የነርሶቹ አማካይ የአገልግሎት ዘመን ግን ራሱን ችሎ በውጤቱ ላይ ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ይህ የመጨረሻው ግኝት የደረጃ ዕድገትን በአገልግሎት ዓመታት ብቻ ለሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች የሚመች አይደለም።

ጥናቶቹ ያለ ትችት አልታለፉም። በአንድ ወቅት የተሰበሰበ መረጃ ዝምድናን እንጂ መንስዔን አያረጋግጥም፤ የተማሩ ነርሶችን የሚቀጥር ሆስፒታል በሌላም ረገድ የተሻለ ሊሆን ይችላል የሚለው ክርክር ተገቢ ነው። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምላሽ ጥያቄውን በሌሎች ሀገሮች ደግሞ መፈተሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በላንሴት የታተመው ጥናት በዘጠኝ የአውሮፓ ሀገሮች የሚገኙ 300 ሆስፒታሎችንና 422 ሺህ 730 ሕሙማንን አካቶ ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው ውጤት አግኝቷል። መንስዔን በተመለከተ የበለጠ ክብደት ያለው ግን በ2016 በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት የነርስና የሕሙማን ምጣኔ በሕግ ከተደነገገ በኋላ የተካሄደው ነው። በ2021 ይፋ የሆነው ይህ ጥናት ሆስፒታሎቹን ከሕጉ በፊትና በኋላ አነጻጽሮ፣ በሕሙማን የቆይታ ጊዜ መቀነስና ዳግም ተመልሶ የመተኛት መጠን መውረድ የተገኘው ቁጠባ ተጨማሪ ነርሶችን ለመቅጠር ከወጣው ወጪ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በጥቅስ ስሌት ሲመነዘር ምን ይመስላል? የፊዚክስ ሊቁ ኾርኼ ሂርሽ በ2005 ያቀረቡት ኤች ኢንዴክስ የተሰኘው መለኪያ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉትን ምሁር 20 ነጥብ ይሰጠዋል። በዚህ ቀመር በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የተጠቀሰው የ2002 ጥናት ከአንድ ጽሑፍ በላይ ዋጋ የለውም። ለመንቀፍ የተጠቀሰና ለመደገፍ የተጠቀሰ ጽሑፍም እኩል ይቆጠራል። ሕግ አውጪ ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅና የሆስፒታል አስተዳዳሪ የለወጠው የሥራ ድልድል ደግሞ በስሌቱ ውስጥ ጨርሶ አይገቡም። የኒውዮርክ ግዛት በ2017 አዲስ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ ሲያወጣ በመከራከሪያነት የቀረበው በዚህ መስክ የተከማቸው ማስረጃ ነው። ይህ ግን በማንም የጥቅስ መዝገብ ላይ ነጥብ ሆኖ አልተጨመረም።

ስሌቱ ኢትዮጵያውያን ምሁራንን በተለየ ሁኔታ የሚጎዳበት አጋጣሚም አለ። ዓለም አቀፍ የጥቅስ መዛግብት የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው የምሁሩን መጠሪያ በአንድ ፊደል ስለሚያሳጥሩት፣ የተለያዩ ሰዎች ሥራ በአንድ ስም ሊጠቃለል፣ የአንድ ሰው ሥራም ለሁለት ሊከፈል ይችላል። በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ችግሩን ያቃልላል፤ የሚሠራው ግን ቁጥሩን አውጥቶ በየጽሑፉ ለሚያስመዘግብ ብቻ ነው።

በዚያው በ2012 በሳንፍራንሲስኮ የተቀረጸው የምርምር ግምገማ መግለጫ፣ ጽሑፉ የወጣበት ጆርናል የጥቅስ ነጥብ ለቅጥርና ለዕድገት ውሳኔ መለኪያ እንዳይሆን ጠይቋል። ገምጋሚው ጽሑፉን ራሱን ማንበብ ይኖርበታል ማለት ነው፤ ይህም ጊዜና ባለሙያ የሚጠይቅ በመሆኑ ቁጥሩ አሁንም ቀላሉ መንገድ ሆኖ ቀጥሏል።

የጥቅስ ብዛት የማይናገረው ሌላም ጉዳይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት የዓለምን የነርሶች እጥረት 5 ነጥብ 9 ሚሊዮን አድርሶታል፤ ከዚህ ውስጥ 89 በመቶው ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ያለ ነው። በብዛት የሚጠቀሱት ጥናቶች ግን በአብዛኛው የተካሄዱት እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሞላው መዝገብ በተደራጀባቸው ባለጸጋ ሀገሮች ነው። መዝገቡ በሌለበት ሆስፒታል አንዲት ነርስ በሌሊት ፈረቃ 20 ሕሙማን ብትይዝ ውጤቱ ምን እንደሆነ የሚያሳይ አኃዝ አይገኝም።