ቦሮን በጆንያ ሳይሆን በልኬት ይገዛ

ዲንሾ ላይ የቢራ ገብስ የሚሸምት ነጋዴ ሚዛኑንና የእህሉን ጽዳት ያያል፤ ፍሬውንም በመዳፉ አፍሶ ሙላቱን ይገምታል። ብቅል ፋብሪካው የሚፈልገው ስታርች ግን ገብሱ አውድማ ሳይደርስ የተሠራ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ያበጀው ስኳር ወደ ፍሬው ተጉዞ ሲከማች ስታርች ይሆናል። ስለዚህ ገብስ የሚገዛ ሁሉ የተጓጓዘ ስኳር ይገዛል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ጉዞ ስሙ የሚነሳው ንጥረ ነገር ቦሮን ነው። ተክል ያለ እርሱ እንደማይኖር እ.ኤ.አ. በ1923 ካትሪን ዋሪንግተን በእንግሊዝ አገር በባቄላ ላይ አሳይታለች። በ1953 ጋውች እና ደገር የተባሉ ተመራማሪዎች ቦሮን ከስኳር ጋር ተጣምሮ ዝውውሩን ያቀላጥፋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1990ዎቹ የወጡ ጥናቶች ግን ዋናው ሥራው ሌላ መሆኑን አረጋገጡ፤ ቦሮን የሕዋስን ግድግዳ የሚያያይዝ ማሰሪያ ነው። ሲጎድል ቀድሞ የሚታመመው በማደግ ላይ ያለው ጫፍ፣ ሥሩና አበባው ነው። ተቀባይ ያጣው ስኳር ቅጠሉ ላይ ይቀራል። በነጋዴ ቋንቋ የተበላሸው መኪናው ሳይሆን ዕቃውን የሚረከበው መጋዘን ነው። በስንዴና በገብስ ደግሞ የአበባው ብናኝ ይመክንና ዛላው ፍሬ አልባ ይሆናል።

ለመሆኑ ይህ ከገበያ ጋር ምን አገናኘው? በኢትዮጵያ ለአሥርተ ዓመታት ማዳበሪያ ማለት ዳፕና ዩሪያ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በጀመረው የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ አካባቢዎች የድኝ፣ የቦሮንና የዚንክ እጥረት ተመዘገበ። ከዚያም ቦሮን የተቀላቀለበት ማዳበሪያ ለገበሬው ቀረበ። የአፈሩን ጉድለት ማወቅ ትልቅ እርምጃ ነበር። ስህተቱ የወረዳ ካርታ የእያንዳንዱን ማሳ ጉዳይ ይፈታል ብሎ ማሰቡ ነው።

ቦሮን እንደ ዩሪያ አይደለም። በሚበቃውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ሲበዛ የገብሱን ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ያቃጥላል፤ የደቡብ አውስትራሊያ ገብስ አምራቾች ይህን በኪሳራ አይተውታል። በአንጻሩ ከባድ ዝናብ ቦሮንን ከአፈር አጥቦ ይወስዳል። እንደ ባሌ ባለ ተዳፋት ምድር ዳገቱና ሜዳው አንድ ዓይነት ጆንያ ላያስፈልጋቸው ይችላል። የዲንሾ ማሳ ሁሉ ቦሮን ይጎድለዋል ማለትም አይጎድለውም ማለትም ያለ ልኬት ዋጋ የለውም።

«አነስተኛ ገበሬ የአፈር ምርመራ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ግን ከገዢው ዘንድ ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ሆነ በቅርብ ዓመታት በቦሌ ለሚና በደብረ ብርሃን የተከፈቱት ብቅል አምራቾች ሙሉ ፍሬ ካገኙ ቀዳሚ ተጠቃሚዎች ናቸው። ከገበሬው ጋር በሚገቡት ውል ውስጥ የአፈር ምርመራን ቢያካትቱ ወጪው ከሚጣለው ቀጫጫ ገብስ ጋር ይካካሳል። ከሮቤ ብዙም የማይርቀው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልም ለምክር ቅርብ ነው።

ላቦራቶሪ እስኪደርስ ቀላል መላ አለ። በአንድ ማሳ ውስጥ አንዱን መደብ ቦሮን ባለው፣ ሌላውን በሌለው ማዳበሪያ መዝራትና ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጎ ሁለቱን ለየብቻ ወቅቶ መመዘን ነው። የፍሬው ቁጥርና ክብደት ልዩነቱን ይናገራል።

ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ከዓለም የቦሮን ክምችት ትልቁም የሚገኘው ቱርክ ነው። በዶላር የተገዛን ነገር ለማይፈልገው ማሳ መበተን ኪሳራ ነው፤ ለሚፈልገው መንፈግም ያው ነው። ገብስን በኪሎ የሚመዝን ገበያ ማዳበሪያን በግምት ሊሸጥ አይገባም።